የማውሱ ጎማ የቆመችበት በጋ

ለቅርቡም ለሩቁም፣ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም እንዲታወቅ ይሁን፦ በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ካቆመ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በከተማችን የውሃ ተራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የምትገኘው የኮምፒውተር ማውስ ጎማ መሥራት አቆመች።

ማውሱ ራሱ ደህና ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት በታዘዘበት ይሄዳል፣ ሲጫኑትም ይሰማል። የቆመችው በጀርባው ላይ ያለችው፣ በጣት የምትሽከረከረው ትንሽ ጎማ ናት። ባቄላ ብታክል ነው። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። በዚያ በጋ ብዙ ሰው ብዙ ደግነት አድርጎልኛል፣ እኔም ምስጋናዬን በወጉ ሳላደርስ ጊዜው እንዳያልፍብኝ ብዬ ነው።

ከተማችንን ለማያውቅ ልንገር። ከላይ ምንጭ አለ። ከምንጩ አንድ ቦይ ይወርዳል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ሰማንያ ስምንት ጓሮ አለ። ውሃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ በተራ ነው። ተራው ድሮ በአንድ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ይኖር ነበር። ሽማግሌው ሲያርፉ ወደ መዝገብ ገባ። መዝገቡን ምስጥ ሲበላው ወደ ኮምፒውተር ገባ። ኮምፒውተሩን ያመጣው ሰው ገመዱን ሁሉ በየቀዳዳው ሰክቶ፣ ዝርዝሩ ሲከፈት አሳይቶን፣ ምሳውን በልቶ ሄደ። ደግ ሰው ነበር፤ ስሙን ሳንጠይቀው ቀረን።

ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፦ የንባብ፣ የጽሕፈት፣ የንብረት። ማውሱ ለንባብ ክፍል ተሰጠ፣ ኪቦርዱ ለጽሕፈት ክፍል። የሁለቱም አካል ግን የንብረት ክፍል ነው። አንዱ የሌላውን እንዳይነካ ደንብ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በቢሮው ውስጥ ጠብ ተነሥቶ አያውቅም።

የንባብ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ልሳነወርቅ ናቸው። የሊቀ አንባቢነቱ ማዕረግ የእርሳቸው ነው። በየሐሙሱ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ እኛ ከውጭ ቆመን ስናይ፣ ስሞቹን በዚያ በሚያምር ድምፃቸው ያነባሉ። ስክሪኑ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ሃያ ሁለት ስም ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የሃያ ሦስተኛው ስም የላይኛው ግማሽ ይታያል። ስሙ የተነበበ ሰው ያንን ሳምንት ውሃ ያገኛል። በሚቀጥለው ሐሙስ ጎማዋ ትሽከረከርና ቀጣዮቹ ሃያ ሁለት ይነበባሉ። በአራት ሳምንት ከተማው ይዳረሳል። ጋሽ ልሳነወርቅ አንብበው ሲጨርሱ «አያችሁ?» ይላሉ፤ ሕዝቡ «አየን» ይላል፤ የቦዩ ዘበኛ በሩን ሊከፍት ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ስሞቹን ሲያነቡ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር።

እኔ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ራዲዮና የኤሌክትሪክ ምድጃ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ነገር እየፈታሁ፣ አንዳንዱንም እያበላሸሁ ተማርኩ። ከሱቄ ጀርባ የጎመን መደብ አለኝ። በዝርዝሩ ላይ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነኝ። ይህን ቁጥር አስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ቀሚሱ ልምጣ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው። ንብረት የሚወድ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ እርሳቸው የሚያከብር ግን አላየሁም። «ንብረት ራቁቱን አይቀመጥም» ይላሉ። የስልኩን፣ የሰዓቱን፣ የማኅተሙን፣ የእሳት ማጥፊያውን ልብስ በገዛ እጃቸው በዳንቴል ሠርተው አልብሰዋል። ጎማዋ ከመቆሟ ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ ሰኞ ዕለት፣ የማውሱም ቀሚስ አለቀ። ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩን ቢጫ ክር ዞሮታል። ከታች ላስቲክ ስላለው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ልክ ጎማዋ ባለችበት ቦታ ላይ አንዲት አበባ ተሠርታለች። አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ተራው ከሃያ ሦስት እስከ አርባ አራት ላሉት ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ ጣታቸውን አበባዋ ላይ አሳርፈው ወደ ታች ሳቡ። ዝርዝሩ አንድ ስም ወረደ። ጣታቸውን ሲያነሡ ተመለሰ። እንደገና ሳቡ፤ ወረደ፤ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከዚያ ቀና አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከፊታቸው የነበሩትን ሃያ ሁለት ስሞች አነበቡ። ባለፈው ጊዜ የተነበቡትን ማለት ነው።

«አያችሁ?» አሉ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ «አየን» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ከሃያ ሁለቱ የመጣ ነበር። ከእነርሱም መካከል ጎላ ያለው የእኔ ነበር፤ ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኛል።

ጉዳዩ እንዲሁ እንዳልተተወ ማወቅ አለባችሁ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ የተበላሸችው ጎማዋ ናት ወይስ ዝርዝሩ የሚል ነበር። ይህን ለመለየት ጎማዋን በሌላ ጽሑፍ ላይ መሞከር እንደሚገባ ተወሰነ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሌላ ጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ምረቃ የተላከው የደስታ መግለጫ ብቻ ነው፤ ስድስት መስመር ነው። ተከፈተ። ስድስቱም መስመር ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ የሚወርድ ነገር አልነበረም። ጎማዋም ምንም አላወረደችም። ኮሚቴው ይህን አይቶ በዚህ ጽሑፍ ላይ ምንም ችግር እንዳልታየ በቃለ ጉባኤ አሰፈረ።

ሁለተኛው ሐሳብ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነበር። ማን ያጥፋ በሚለው ላይ ክርክር እንደተጀመረ መብራት ሄደ። ሲመጣ ተሞከረ፤ ያው ነው። የመብራት ሰዎችም በቀን ሦስት ጊዜ እያጠፉና እያበሩ ለኮሚቴው ብዙ ድካም ቀነሱለት። የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈላቸው።

ሦስተኛው ሐሳብ ማውሱን ነቅሎ እንደገና መሰካት ነበር። ይህ ሳይሞከር ቀረ። መንቀል ንብረት ማስወጣት ስለሆነ የንብረት ክፍል ሥራ ነው፤ ያለ ክርክር አለፈ። መሰካት ግን ንባብም አይደለም፣ ጽሕፈትም አይደለም፣ ንብረትም አይደለም። የሚሰካ ክፍል ሳይኖር ከነቀልነው ምን ይውጠናል ተባለ። ትክክል ነበሩ።

እንዲህ እያለ ሰው ለመደው። ሃያ ሁለታችን የስክሪን ሰዎች ተባልን። ሌሎቹ የታች ስሞች ተባሉ፤ እንዴት ነህ ሲባሉ «ገና ነን» ብለው ይመልሱ ጀመር። ልጅ ለመዳር ሽማግሌ ሲመጣ የሙሽራው አባት በስክሪን ነው ወይስ በታች ተብሎ ይጠየቃል። ቁጥር ሃያ ሦስት የሆነው አቶ ድንበሩ የስሙ ግማሽ ብቻ ስለሚታይ ግማሽ ውሃ ተፈቀደለት። የቦዩ ዘበኛ በሩን እስከ እኩሌታው ከፍቶ እስኪደክመው ይዞ ይቆምለታል። አቶ ድንበሩ በየሳምንቱ ያመሰግናል፤ በግማሽ አፉ ብቻ። አንድ ጊዜ አንድ የታች ሰው «እኔ ግን ሲወርድ አላየሁም» ብሎ ተናገረ። በደካማ ዓይኖች መዝገብ ላይ ተጻፈና ከፊት እንዲቆም ቦታ ተሰጠው። በሚቀጥለው ሐሙስ አየ።

የጋሽ ልሳነወርቅ ነገር ደግሞ ይገርም ነበር። እንደ ድሮው አፍንጫቸውን ወደ ስክሪኑ አይሰዱም። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሕዝቡን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ሃያ ሁለቱን ስም አንድም ሳይስቱ ይወርዱታል። ዕድሜያቸው ሲገፋ ዓይናቸው መበርታቱን እያየን ተደነቅን።

እትዬ ደብሪቱ ቁጥር ስልሳ አንድ ናቸው። ባል የላቸውም፤ ልጆቻቸው ርቀው ነው የሚኖሩት። በዚያ በጋ ጓሯቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ያዳቀሏቸው ስልሳ የብርቱካን ችግኞች ነበሯቸው። ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። የብርቱካን ነገር እንዲህ ነው አሉኝ፦ ሁለተኛውን በጋ ከተሻገረ ሥሩ ወደ ታች ሄዶ ራሱን ይችላል፤ ካልተሻገረ ሦስተኛ ዓመት የሚባል ነገር የለም። ያላቸው ሀብት እርሱ ነው፤ ሥራቸውም፣ የሚያወሩትም እርሱ ነው።

በየሐሙሱ ከንባቡ በኋላ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ሲወርዱ በሱቄ ጥላ አረፍ ይላሉ። ሌላ ነገር አይሉም። ቁጥር ብቻ ነው የሚነግሩኝ።

«ሃምሳ አራት» ይላሉ። በሌላው ሐሙስ «አርባ ሰባት» ይላሉ።

እኔም «አይዞዎት እትዬ» እላለሁ። ይህን ለማለት ብዙ ጉልበት አያስፈልግም።

አንድ ቀን የጽሕፈት ክፍል ኃላፊውን መንበሩን ሱቄ ውስጥ አገኘሁት፤ ራዲዮ ሊያሠራ መጥቶ ነው። የኪቦርዱ ባለቤት እርሱ ነው። በዝርዝሩ ላይ ቁጥር ሰባ ነው።

«አንተ መንበሩ» አልኩት፣ «ከኪቦርዱ ላይ ገጹን ወደ ታች የምትወስድ ቁልፍ የለችም?»

«አለች» አለ። «ከቀኝ በኩል ናት። በየቀኑ አቧራዋን እጠርጋለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብትጫናትስ?»

«ቁልፍ መጫን መጻፍ ነው። ሐሙስ የንባብ ቀን ነው።»

«አርብ ተጫናት።»

«አርብ ማን ያነባል?»

«የራስህ ስም እኮ ነው ታች ያለው።»

«ለዚያም ነው» አለ መንበሩ። «ራሱን አወረደ እንዲሉኝ ነው የምትፈልገው? አንተ ምን አለብህ፣ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ።» ራዲዮውን ከፍቼ የተቋረጠውን ሽቦ ስበይድለት እጄን ይመለከት ነበር። መንበሩ ደንብ አክባሪ ነው፤ ከተማ የሚቆመው በእንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ሌላም መንገድ ነበረ። በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ በቀስቱ ይዘው ቢጎትቱት ዝርዝሩን የሚያወርድ ቀጭን ዘንግ አለ። እርሱ ግን በንብረት ቁጥሩ ተሸፍኗል። የእኛ የንብረት ቁጥር ረጅም ነው፤ የከተማውን፣ የጽሕፈት ቤቱን፣ የክፍሉንና የወይዘሮ እቴነሽን ስም ጭምር ይይዛል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች በቁመት ተለጥፏል። ይነሣ ይሆን ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ፣ «ቁጥሩ ከተነሣ ስክሪኑ የእኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

አመስግኜ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ጎማዋ ከቆመች በአምስተኛው ወር ከጎረቤት ከተማ ሌላ ማውስ በውሰት መጣ። ያመጣው መልእክተኛ ራሱ ነቅሎ፣ ራሱ ሰክቶ፣ አሮጌውን ከቀሚሱ አውጥቶ በኪሱ ይዞ ሄደ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ግን እንግዳ ራቁቱን አይቀመጥም። መልእክተኛው ደጃፉን ሳይሻገር ወይዘሮ እቴነሽ ያንኑ ቀሚስ፣ አበባዋን በቦታዋ አስተካክለው፣ አለበሱት። ሐሙስ ጋሽ ልሳነወርቅ አበባዋን ሳቡ። አንድ ስም ወረደ። ተመለሰ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ጥፋቱ የማውስ እንዳልሆነ አረጋገጠ። ሁለት ማውስ፣ አንድ በሽታ። እንግዲህ ዝርዝሩ ራሱ መውረድ አልፈለገም ተብሎ ተጻፈ።

ሁለት ማውስ፣ አንድ ቀሚስ ብሎ የጻፈ አልነበረም።

እኔ አውቅ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም። ከሁለተኛው ሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር። ጣት አበባዋን ሲስብ ዳንቴሉ ይለጠጣል፤ ጎማዋ ከዳንቴሉ ጋር ትዞራለች። ጣት ሲነሣ ላስቲኩ ዳንቴሉን ይመልሰዋል፤ ዳንቴሉ ጎማዋን ይመልሳታል። ምድጃ የሚፈታ ሰው ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልገውም። ነገር ግን ጎመኔ በዚያ በጋ እንደ ዣንጥላ ተዘርግቶ ነበር። በየሳምንቱ ውሃ ያገኛል። ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። እኔም ለጋሽ ልሳነወርቅ፣ ለወይዘሮ እቴነሽ፣ ለኮሚቴውም ከልቤ አመሰግን ነበር። ምስጋና ሲበዛ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

በሰባተኛው ወር መጀመሪያ እትዬ ደብሪቱ ሱቄ ገቡ። እስከዚያ ድረስ ከጥላው አልፈው ገብተው አያውቁም። ከነጠላቸው ሥር አንድ የደረቀ ችግኝ አውጥተው መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከብሎኖቼ መካከል አስቀመጡት።

«ምንድን ነው እትዬ?» አልኩ።

«የተበላሸ ነገር ትሠራ የለ? ሥራልኝ።»

«ይህ እኮ አይሠራም።»

«እንግዲያው የምትችለውን ሥራ።» ወደ ጎመኔ በመስኮቱ ተመለከቱ። «ጎመንህ ደህና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱንማ እናመሰግናለን። ውሃውን ግን እርሱ ብቻ አይደለም የሚልክልህ።» ጀሪካናቸውን አነሡ። «አሥራ አንድ ቀርተዋል» አሉና ወጡ።

ችግኟ ቀላል ነበረች። የምትመዝነው እንደ መጻፊያ እርሳስ ነው። እስኪመሽ ድረስ ከጠረጴዛው አላነሣኋትም፤ በማግስቱ ግን ወደ ወይዘሮ እቴነሽ ሄድኩ።

ቀሚሱ ነው ጥፋቱ ማለት አልችልም ነበር። ያንን ካልኩ ሰባቱ ወር በእርሳቸው አንገት ላይ ሊወድቅ ነው። ደግሞም ለምን እስከዛሬ ዝም አልክ ቢሉኝ የምለው የለኝም። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦

«ወይዘሮ እቴነሽ፣ የማውሱ ቀሚስ ትንሽ አደፍ ብሏል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የት ላይ?»

«አበባዋ ላይ። የጣት ነገር ሆኖ ነው።»

«እኔን» አሉ። «የእንግዳ ልብስ አሳድፌ አኖራለሁ?» ወዲያው ተነሡ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማውሱ በደንቡ መሠረት ተነቀለ፣ ወጪ ሆኖ ተፈረመበት፣ ቀሚሱ ሊታጠብ ተገፈፈ። ቢሮ ውስጥ ራቁቱን ሊያድር ስለማይችል በመሐረብ ጠቅልለው ለእኔ በአደራ ሰጡኝ። ሱቄ ወስጄ ፈታሁት። በጎማዋ ዘንግ ላይ ነጭና ቢጫ ክር ተጠምጥሟል፣ የወፍ ጎጆ መስሏል። በስንጥር እያወጣሁ አጸዳሁ። ገጥሜ ጎማዋን በጣቴ ነካ አደረግኋት። ዞረች። ደስ የሚል ድምፅ አላት፤ የእህል ቅንጣት በጥርስ ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር፣ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የምፈልገው ነገር ስላለኝ። ከአሥራ አንዱ ችግኞች ዘጠኙ ተርፈዋል። ስምንቱ ዛሬ በእትዬ ደብሪቱ ጓሮ ቆመው ያፈራሉ። ዘጠነኛዋን በክረምቱ ከነአፈሯ አምጥተው በሱቄ ጀርባ፣ ጎመኑ በነበረበት መደብ ላይ ተከሉልኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ይህን የምጽፈው በእርሷ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሰጥቶኛል፣ እንዲህ ያለ የማይገባኝን ግን ማንም አልሰጠኝም። የዚህ ሁሉ ምስጋና የመጨረሻ አድራሻው እርሳቸው ናቸው።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ።

ቀሚሱ አልደረቀም ነበር፤ ሌሊቱን ደመና ስለነበረ። ማውሱን በጠዋት በመሐረቡ መለስኩ። ወይዘሮ እቴነሽ ገቢ ብለው ፈረሙ፤ ለአንድ ቀን ብቻ ራቁቱን እንዲያገለግል ከብዙ ማመንታት በኋላ ፈቀዱ፤ ጠረጴዛው ላይ በክብር አስቀመጡት። ሥራቸው እዚያ ላይ አለቀ። ገመዱ በጠረጴዛው ዳር ተንሸራትቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ። እኔ ገመዱን አላየሁም። አይቼው ቢሆን ምን አደርግ ነበር የሚለውን ሳስብ፣ ስላላየሁት አመሰግናለሁ።

ጎማዋ ተጸዳች የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ሰማንያ ስምንቱም ጓሮ ወጥቷል። የታች ሰዎች ነጭ ለብሰዋል። አቶ ድንበሩ ሙሉ ስሙን ሊሰማ ሚስቱን ይዞ መጥቷል። የስክሪን ሰዎች እንደልማዳችን ከፊት ቆምን። ዛሬ ግን ድምፃችን እንዴት እንደሚሆን እርግጠኛ አልነበርንም። እትዬ ደብሪቱ ከመስኮቱ ሥር፣ የደካማ ዓይኖች ቦታ ላይ ቆመዋል፤ ጀሪካን አልያዙም።

ጋሽ ልሳነወርቅ ገቡ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጣታቸውን ጎማዋ ላይ አሳረፉ። አዞሩ። ጎማዋ ያለ ምንም ችግር ዞረች፤ ድምፁ እስከ ውጭ ተሰማ። ቀጠሉ፤ አዞሩ፣ አዞሩ። ስክሪኑ ላይ ሃያ ሁለቱ ስሞች እንደቆሙ ናቸው። አንዱም አልተነቃነቀም። የእኔ ስም ከላይ አሥራ ዘጠነኛ፣ እንደወትሮው ትክ ብሎ ያየኛል።

«እነሆ ወረደ» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። ሕዝቡን ነበር የሚያዩት። «እስከ ታች ወረደ። ሁሉም ታይቷል። አያችሁ?»

«አየን» አልን፣ የስክሪን ሰዎች።

«አየን» አሉ የታች ሰዎች። ከእኛ ይልቅ ጮክ ብለው ነው ያሉት። ሰባት ወር ሙሉ የጠበቁት ነገር ነውና ማንም አልታይ አለኝ ብሎ ሊያበላሸው አልፈለገም። አቶ ድንበሩ ሚስቱን አቀፋት። አንድ ሰውዬ «ስሜን አየሁት፣ በወፍራሙ ተጽፏል» ሲል ሰምቻለሁ። መንበሩ ኪቦርዱን ታቅፎ ከጥግ ቆሞ «አየን» አለ። እኔም አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነው።

እትዬ ደብሪቱ አላሉም። ፊታቸው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነበር፤ በእጃቸው ያዙት። ጫፉን አገላብጠው ተመለከቱ።

«ወንድሜ መንበሩ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ይቺ ጭራ የት ነበር የምትገባው?»

ማጨብጨብ የጀመሩ እጆች በአየር ላይ ቀሩ። መንበሩ ኪቦርዱን አየ፤ ወይዘሮ እቴነሽን አየ፤ ጋሽ ልሳነወርቅን አየ። ጥያቄው የየትኛው ክፍል እንደሆነ እያሰበ ይመስለኛል። በመጨረሻ በአገጩ ጠቆመ።

«ከሳጥኑ በስተኋላ» አለ። «ከላይ ሁለተኛዋ።»

እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን በመስኮቱ አሳልፈው ሳጥኑን ዳበሱ። ጭራዋን በአንድ በኩል ሞከሩ፤ አልገባም። ገለበጧት፤ አልገባም። እንደገና ገለበጧት፤ ገባች።

ጋሽ ልሳነወርቅ ጣታቸውን ከጎማዋ ላይ ማንሣት ረስተው ነበር። አሁን ሊያነሡት ሲሉ ጎማዋን ሳብ አደረጓት መሰለኝ። ሃያ ሁለታችን ወደ ላይ ሸሸን። የእኔ ስም ከስክሪኑ ጫፍ ሲወጣ አየሁት፤ ምንም አላመመኝም። አቶ ድንበሩ ሙሉ ሆኖ ብቅ አለ። ከእርሱ ሥር ሌሎች መጡ፤ ሰባት ወር ብርሃን ያላዩ ስሞች፣ ተራ በተራ፣ እየተከታተሉ።

ማንም አልጮኸም። ሁሉም የጋሽ ልሳነወርቅን አፍ ያያል። እርሳቸው ስክሪኑን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ራቅ ብለው አዩ፤ ቀረብ ብለው አዩ።

«ያንብቡልን እንጂ ጋሼ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ በሚያሳዝን ለስላሳ ድምፅ። «ቸኩለን አይደለም።»

ጋሽ ልሳነወርቅ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱና መነጽር አወጡ። መነጽር እንዳላቸው የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።